ካፍሊ ላይ የነደደችው የአየር መርከብ

ሻምበል ዊልሄልም ሽራም የተወለደው ለንደን ውስጥ ነው። አባቱ በከተማዋ የጀርመኑ የኤሌክትሪክ ኩባንያ የሲመንስ ተወካይ ነበሩ፤ ቤተሰቡ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን ቻርልተን ሰፈር ይኖር ነበርና ልጁም በ1885 እዚያው ተወለደ። ከልጅነቱ በኋላ ወደ ወላጆቹ አገር ሄዶ ወታደር ሆነ። በ1916 ክረምት መገባደጃ ላይ ወደ ተወለደባት ከተማ የተመለሰው በሌሊት፣ በሰማይ፣ ቦምብ ጭኖ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነ ሲመጣ ዓ.ም. ብዬ ለይቼ እጽፋለሁ።)

የሚያዛት የአየር መርከብ ስሟ ኤስ ኤል 11 ነበር። ከለንደን በስተሰሜን፣ ካፍሊ በምትባል መንደር ላይ ነድዳ ስትወድቅ ከእሷ ጋር 16 ሰዎች አለቁ። በማግሥቱ የእንግሊዝ መንግሥት በሌላ መርከብ ስም ጠራት፤ ስሕተቱም ለብዙ ዓመታት ሳይታረም ቆየ። ስለዚያ ሌሊት ያነበባችሁ ሁሉ የምታስታውሱት የአብራሪውን ድል ነው፤ ድሉም የሚገባው ነው። እኔ ግን ታሪኩን ከመርከቧ ጀምሬ፣ በውስጧ የነበሩትንም ሳልዘል መተረክ እፈልጋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1908 ነሐሴ ወር ነው። የጀርመን መኳንንት ዘር የሆኑት ካውንት ፈርዲናንድ ፎን ዜፕሊን፣ ያሠሯት አራተኛይቱ የአየር መርከብ ሽቱትጋርት አጠገብ ኤክተርዲንገን በተባለ ቦታ አርፋ ሳለ ማዕበል መታትና ተቃጠለች። የጀርመን ሕዝብ አልተበሳጨባቸውም። ይልቁንም ከየቤቱ ገንዘብ እያዋጣ ሚሊዮኖች ማርክ ሰበሰበላቸውና ሥራቸው ከውድቀት ተነሣ። ያን አደጋ በጥሞና ከተከታተሉት መካከል በዳንዚግ የመርከብ ሥራ ምሕንድስና የሚያስተምሩ ዮሐን ሹተ የሚባሉ ፕሮፌሰር ነበሩ። ጉድለቱን አጥንተው ለካውንቱ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሰሚ ግን አላገኙም። ስለዚህ በ1909 በማንሃይም የእርሻ መሣሪያ ከሚያመርተው ባለሀብት ከካርል ላንትስ ጋር ሆነው የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ሹተ ላንትስ ተባለ። በመርከቦቹ ስም ላይ ያሉት ኤስ እና ኤል የተባሉት ፊደላት የእነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው።

የሁለቱ ተቀናቃኞች ትልቁ ልዩነት አጥንቱ ላይ ነበር። ዜፕሊን የመርከቦቹን አጽም ከአሉሚኒየም ቅይጥ ይሠራ ነበር። ሹተ ከእንጨት፣ እኛ ኮምፔርሳቶ ከምንለው በሙጫ ከተጣበቀ ስስ ጣውላ ሠራ። እንጨቱ ይለመጣል፣ ቶሎ አይሰበርም፤ ግን እርጥበት ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ሙጫውም ይላቀቃል። በሰሜን ባሕር ላይ የሚዋጋው የጀርመን ባሕር ኃይል የአየር መርከቦች አዛዥ ፔተር ሽትራሰር ለጦርነት አይሆኑም ብሎ በእነዚህ የእንጨት መርከቦች ላይ አጥብቆ ያማርር ነበር። የምድር ጦሩ ግን ተቀበላቸው። ሹተ በቅርጽ በኩል ያመጣው ማሻሻያ፣ ማለትም ፊቷ ደንደን ብሎ ጅራቷ የሚቀጥነው አካል፣ በመስቀል ቅርጽ የተሠራው ጅራት፣ ከሆዷ ሥር ለየብቻ የተንጠለጠሉት የሞተር ክፍሎች፣ ኋላ በዜፕሊንም ዘንድ ተወሰደ።

ከውጭ በጨርቅ የተሸፈነው ያ ትልቅ አካል ውስጡ ባዶ አልነበረም። በረድፍ የተደረደሩ ከረጢቶች ነበሩበት፤ ከረጢቶቹ የተሞሉት በሃይድሮጂን ነው። ሃይድሮጂን ከአየር እጅግ ይቀልላልና መርከቧን ከነሞተሯ፣ ከነሰዎቿና ከነቦምቧ ያነሣታል። ከረጢቶቹ ጋዙን እንዳያፈስሱ የሚለበዱት በከብት አንጀት ስስ ሽፋን ነበር፤ ለአንድ ትልቅ ዜፕሊን ብቻ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ከብት አንጀት ያስፈልግ ነበር ይባላል። ከዚህ የተነሣ በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች አንጀቱን ለቋሊማ መጠቀም ተከልክለው ነበር። እንዲህ ያለ ድካምና ወጪ የፈሰሰበት መሣሪያ ታዲያ በአንዲት ብልጭታ የሚያልቅ ነበር። ሠራተኞቹም ይህን ያውቁ ነበር።

ጦርነቱ በ1914 ሲጀመር እንግሊዞች ለብዙ መቶ ዓመት የተማመኑበት ነገር ባሕሩ ነበር። የባሕር ኃይላቸው እስካለ ጠላት ደጃቸው አይደርስም። ጥር 19 ቀን 1915 ሌሊት ግን የጀርመን የአየር መርከቦች ባሕሩን ከላይ ተሻግረው ግሬት ያርመዝ እና ኪንግስ ሊን በተባሉት የምሥራቅ ከተሞች ላይ ቦምብ ጣሉ። የጀርመኑ ካይዘር ዊልሄልም ለንደንን ለመምታት መጀመሪያ አመንትተው ነበር፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የአጎታቸው ልጅ ናቸውና ቤተ መንግሥቱ እንዳይነካ አዘዋል። ፈቃዱ ግን ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄደ። በመጀመሪያ የወደብ መጋዘኖች፣ ከዚያ የከተማዋ ምሥራቅ፣ በመጨረሻ ከተማዋ በሙሉ።

ግንቦት 31 ቀን 1915 ሌሊት ሻምበል ኤሪክ ሊናርትስ የሚያዛት ኤል ዜድ 38 ለንደን ደረሰች። የመጀመሪያው ቦምብ የወደቀው ሰሜን ለንደን ስቶክ ኒውዊንግተን ውስጥ፣ አልክሃም መንገድ በሚገኝ ተራ መኖሪያ ቤት ላይ ነው። በዚያ ሌሊት ሰባት ሰው ሞተ። መስከረም 8 ቀን የባሕር ኃይሉ ሄንሪክ ማቲ በኤል 13 መጥቶ በከተማዋ እምብርት፣ ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ብዙም ሳይርቅ፣ የጨርቅ መጋዘኖችን አቃጠለ፤ 22 ሰው ገደለ፤ ያደረሰው ኪሳራ ከግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ይበልጥ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን በተደረገው ጥቃት ደግሞ የቲያትር ሰፈሩ ተመታ፤ በዚያ ሌሊት በለንደንና በአካባቢዋ የሞቱት ሰዎች 71 ናቸው።

የለንደን ሕዝብ በጣም የተናደደው ስለተመታ ብቻ አይመስለኝም። መርከቦቹ ይታዩ ነበር። ከ150 ሜትር በላይ የሚረዝም ነገር በፈታሽ መብራት ተይዞ ከጣራ በላይ በዝግታ ሲያልፍ ሕዝቡ አንገቱን ቀና አድርጎ ያያል፤ መድፍ ይተኮሳል፤ ምንም አይሆንም፤ ሄዶ ይሰወራል። አውሮፕላኖች ነበሩ፤ ግን በዚያ ዘመን አንድ የእንግሊዝ አውሮፕላን ሦስት ሺህ ሜትር ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበት ነበር፤ እስኪወጣ መርከቢቱ አትጠብቀውም። ቢደርስባትም የመትረየሱ ጥይት ከረጢቷን በስቶ ያልፋል እንጂ አያቃጥላትም። ሃይድሮጂን ብቻውን አይነድድምና። ለመንደድ ከአየር ጋር መቀላቀል አለበት፤ ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ ይህን ያህል አያቀላቅልም። በሰኔ 1915 መቶ አለቃ ሬጂናልድ ዋርነፎርድ ቤልጅግ ውስጥ ጌንት ላይ አንዷን ያቃጠለው ከላይዋ ወጥቶ ቦምብ ጥሎባት ነው። ይህ በየሌሊቱ የሚሆን ነገር አልነበረም።

መልሱን ያገኙት ጥቂት ፈልሳፊዎች ናቸው። ጆን ፖመሮይ የተባለ የኒውዚላንድ ተወላጅ ሲመታ የሚፈነዳ ጥይት ሠራ። ከታወቀ የርችት አምራች ቤተሰብ የተወለደው ፍራንክ ብሮክ ሌላ ዓይነት ፈንጂ ጥይት አዘጋጀ። ጄምስ በኪንግሃም ፎስፈረስ ያለበት የሚያቃጥል ጥይት አመጣ። አንደኛው ከረጢቱን ይቀድዳል፣ ጋዙ ከአየር ጋር ይገናኛል፣ ሌላው ይለኩሰዋል። የጦር ሹማምንቱ እነዚህን ሐሳቦች ለመቀበል ዘግይተዋል፤ በዚያ መዘግየት ውስጥ የሞተው ሰው ደም ቀላል አይደለም። በ1916 ክረምት ግን ጥይቶቹ እየተፈራረቁ በመትረየስ መጋዘን ውስጥ ተሞልተው የለንደንን ሰማይ ለሚጠብቀው ለ39ኛው ስኳድሮን ደረሱ።

ከስኳድሮኑ አብራሪዎች አንዱ መቶ አለቃ ዊልያም ሊፍ ሮቢንሰን ነበር። ዕድሜው 21 ዓመት ነው። የተወለደው በደቡብ ሕንድ ኩርግ በተባለው አገር፣ አባቱ በሚያስተዳድሩት የቡና እርሻ ላይ ነው። በ1915 ፈረንሳይ ውስጥ ከአውሮፕላን ላይ ጠላትን በመቃኘት ሲያገለግል ክንዱን ቆሰለ፤ ከዳነ በኋላ ራሱ ማብረር ተማረ። የጦር ሠፈሩ ከለንደን በስተምሥራቅ ሆርንቸርች አጠገብ ያለው ሰተንስ ፋርም ነበር፤ ስሙ እንደሚያመለክተው እርሻ መሬት ነው። በጨለማ የሚነሡትና የሚያርፉት ሜዳው ላይ በተደረደረ የቤንዚን ችቦ እየተመሩ ነው። ፓራሹት አልነበራቸውም።

ኤስ ኤል 11 ላይፕዚግ ተሠርታ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው ነሐሴ 1 ቀን 1916 ነው። ቁመቷ 174 ሜትር፣ ወርዷ 20 ሜትር ነበር፤ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ተኩል ያህል ትረዝማለች። ኮሎኝ አጠገብ ሽፒሽ በተባለ ሠፈር ለሻምበል ሽራም ተሰጠች። ከተሠራች ገና አንድ ወር ከጥቂት ቀን ሲሆናት የጦርነቱ ትልቁ የአየር መርከብ ዘመቻ ታዘዘ። መስከረም 2 ቀን፣ ቅዳሜ፣ 12 የባሕር ኃይልና 4 የምድር ጦር መርከቦች፣ በድምሩ 16፣ ወደ እንግሊዝ ተነሡ። በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ወጥቶ አያውቅም። በእኛ አቆጣጠር ሌሊቱ ለነሐሴ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. አጥቢያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሊወርዱ ሃያ አራት ቀን ቀርቷቸዋል፤ በዚያም ጉዳይ ላይ የለንደን፣ የፓሪስና የሮም መልእክተኞች እጅ ነበረበት። ጦርነቱ ከእኛ ያን ያህል የራቀ አልነበረም።

ሽራም ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ40 ገደማ ፋውልነስ በተባለው የኤሴክስ ዳርቻ ወደ እንግሊዝ ገባ። በቀጥታ ወደ ለንደን አልመጣም። በሰሜን በኩል ሰፊ ዙር ዞሮ፣ የምሥራቁን መከላከያ ሸሽቶ፣ ከሰሜን ምዕራብ ሊገባ አሰበ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20 አካባቢ ለንደን ኮልኒ ላይ የመጀመሪያዎቹን ቦምቦች ጣለ፤ እየጣለም በሳውዝ ሚምስና በኤንፊልድ በኩል ወደ ደቡብ ወረደ።

ሮቢንሰን የተነሣው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ8 ላይ ነው። አውሮፕላኑ ቢ ኢ 2 ሲ የምትባል ባለሁለት ክንፍ ነበረች፤ ዝግተኛ ብትሆንም አትናወጥም፣ ለሌሊት በረራ የተመረጠችውም ስለዚህ ነው። ሦስት ሺህ ሜትር ለመድረስ 53 ደቂቃ ወሰደባት። ወደ ላይ እየወጣ ሰማዩን ሲፈትሽ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆየ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ10 ላይ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን በኩል አንዲት መርከብ በሁለት ፈታሽ መብራት ተይዛ አየ፤ ኤል ዜድ 98 ነበረች። እሱ ከእሷ በላይ ስለነበር ከፍታዬን አልለቅም ብሎ ቀስ እያለ ተጠጋት። አሥር ደቂቃ ያህል ተከተላት። ደመና ውስጥ ገባችና አጣት።

የሚደንቀኝ ከዚህ ቀጥሎ ያደረገው ነው። ቤንዚኑ እያለቀ ነበር፤ የተሰጠው የጥበቃ ሰዓትም አልፏል። ወርዶ ቢያርፍ ማንም አይወቅሰውም። በሰሜን ምሥራቅ ለንደን በኩል ቀይ ወጋገን ስላየ ግን እሳት መስሎት ወደዚያ አዞረ።

በዚህ ጊዜ ሽራም የሰሜን ለንደን ቤቶች ጫፍ ደርሷል። የፊንስበሪና የቪክቶሪያ ፓርክ ፈታሽ መብራቶች ያዙት፤ መድፎቹ ጀመሩ። በብርሃኑ መካከል መሄድ ስላልቻለ ወደ ሰሜን ተመለሰ። ከቶተንሃም በላይ አልፎ፣ ኤድመንተንና ፖንደርስ ኤንድ ላይ የቀረውን ቦምብ እየጣለ፣ ክብደቱን አቅልሎ ወደ ላይ ለመሸሽ ሞከረ። ከታች በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከአልጋው ተነሥቶ በየመንገዱና በየመስኮቱ ቆሞ ያያል።

ሮቢንሰን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ5 አካባቢ አያት። በመጀመሪያዋ የሠራውን አልደገመም፤ አሁን ከፍታውን ሠውቶ አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ በፍጥነት ተወረወረ። ከሆዷ 240 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ በሥሯ እያለፈ አንድ መጋዘን ሙሉ ጥይት ረጨባት። ምንም አልሆነችም። ዞሮ በጎኗ በኩል ሁለተኛውን ባዶ አደረገ። አሁንም ምንም። የራሱ ወገን የመድፍ ጥይት በዙሪያው እየፈነዳ ነበር። ሦስተኛውን፣ የመጨረሻውን ይዞ ከኋላዋ መጣ፤ 150 ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ሆኖ፣ እንደ ቀድሞው ከመበተን ይልቅ ከጅራቷ ሥር አንድ ቦታ ላይ ብቻ አነጣጥሮ ተኮሰ። መጋዘኑ ሳያልቅ ያ ቦታ ከውስጥ ቀላ። በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ የኋላ ክፍሏ በሙሉ ነደደ።

እየነደደች ዝቅ ባለች ጊዜ ከመንገዷ ዘወር አለላት፤ ከዚያ በደስታ የምልክት ርችቶቹን ተኮሰ። ብርሃኑ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ታየ። ኤል 16 የተባለችው ሌላ የጀርመን መርከብ ከሁለት ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነበረች፤ በእሳቱ ብርሃን ራሷም እየታየች ሸሸች። ወደ ለንደን እየመጡ የነበሩ ሌሎቹም አይተው ተመለሱ። ለንደን ውስጥ የሆነውን በቦታው የነበሩ ብዙዎች ጽፈውታል፦ የባቡሮችና የቴምዝ መርከቦች ፊሽካ፣ የሕዝብ እልልታ፣ በየመንገዱ የሚዘመር የአገሪቱ መዝሙር። ሲቃጠሉ የነበሩትን 16 ሰዎች በዚያች ሰዓት ያሰበ ጥቂት ነው። ልወቅሳቸው አልችልም፤ ለ15 ወር ጣራቸው ላይ ሞት ሲወርድባቸው ነበር።

ኤስ ኤል 11 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ25 ገደማ ካፍሊ ላይ፣ ፕላው ከሚባለው መጠጥ ቤት ጀርባ ባለው ማሳ ወደቀች። አንድም የተረፈ የለም። ሮቢንሰን 8 ሰዓት ከ45 ላይ አረፈ፤ ቤንዚኑ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በውጊያው ግለት የራሱን የላይኛ ክንፍ መካከለኛ ክፍልና ዋናውን ተሸካሚ እንጨት በራሱ ጥይት መብሳቱን ያወቀው ከወረደ በኋላ ነው።

ጠዋት እሑድ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በባቡር፣ በብስክሌት፣ በእግሩ ወደ ካፍሊ ተመመ፤ መንገዶቹ ተዘጉ፤ ቀኑም በእንግሊዞች ዘንድ የዜፕ እሑድ ተብሎ ቀረ። ያዩት ነገር ግን የዜፕሊን ስብርባሪ አልነበረም። የተጠማዘዘ አሉሚኒየም በቦታው የለም፤ ያለው የተቆላለፈ ሽቦ፣ ሞተርና የከሰለ እንጨት ነው። መርማሪዎቹ ይህን ወዲያው አውቀዋል። መንግሥት ግን የወደቀችው ኤል 21 የተባለችው ዜፕሊን ናት ብሎ አስታወቀ። ሕዝቡ የሚያውቀውና የሚጠላው ስም ዜፕሊን ነበር፤ የእንጨት መርከብ ማለት የድሉን ዋጋ ዝቅ የሚያደርግ መሰላቸው የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። እውነተኛይቱ ኤል 21 በዚያ ጊዜ በሰላም ትበር ነበር፤ የወደቀችው ከሦስት ወር ያህል በኋላ፣ ኅዳር 28 ቀን 1916፣ ሎውስቶፍት አጠገብ ባሕር ላይ ነው። ድሉ እውነተኛ ሳለ በሐሰት ስም ማስጌጥ ያስፈለገበትን ምክንያት ዛሬም አላገኝለትም። የ16ቱን ሰዎች ዘመዶች ደግሞ ማን አሰባቸው?

በዚያ ሌሊት የወጡት 16 መርከቦች በሙሉ የገደሉት ሰው አራት ነው። ከሟቾቹ አራት እጥፍ የሚሆን የራሳቸውን ሰው በአንዲት መርከብ አጡ።

የጦር ሚኒስቴሩ የመርከቧን ሽቦ ለቀይ መስቀል ሰጠ፤ ቀይ መስቀልም እየቆራረጠ ለመታሰቢያ ሸጦ ገንዘቡን ለቁስለኞች አዋለው። ሟቾቹ በፖተርስ ባር መቃብር በወታደራዊ ሥርዓት ተቀበሩ፤ ሥርዓቱን ያከናወነው ራሱ የእንግሊዝ የበረራ ጦር ነው። ይህ ክብር ለነፍሰ ገዳዮች ተሰጠ ብለው የጮኹ ነበሩ። እኔ እንደማየው በዚያ ሳምንት ከተደረገው ሁሉ የሚያስመሰግነው ይህ ነው።

ሮቢንሰን በሁለት ቀን ውስጥ የቪክቶሪያ ክሮስ ሜዳይ ተፈቀደለት፤ በብሪታንያ ሰማይ ላይ ለተፈጸመ ጀብዱ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። መስከረም 9 ቀን ንጉሡ በዊንዘር ግንብ በእጃቸው አጠለቁለት። የመጀመሪያውን መርከብ ለሚጥል ሽልማት ቃል የገቡ ባለጠጎች ስለነበሩ 3,500 ፓውንድ ተሰጠው፤ በዚያን ጊዜ ገንዘብ ብዙ ነው።

ከዚያ በኋላ በፍጥነት ሆነ። መስከረም 24 ሌሊት የዚያው ስኳድሮን አብራሪ ፍሬድሪክ ሳውሪ ኤል 32ን ቢለሪኬይ ላይ አቃጠለ፤ 22 ሰው አለቀ። በዚያው ሌሊት ኤል 33 በመድፍ ተመትታ ሊትል ዊግበራ በምትባል የኤሴክስ መንደር ዐረፈች፤ ሠራተኞቿ መርከባቸውን ራሳቸው አቃጥለው በመንገድ ሲሄዱ አንድ የገጠር ፖሊስ አግኝቷቸው 22ቱንም እጅ አሰጠ። በዚያ ሰሞን በአካባቢው የተወለደች ሕፃን ዜፕሊና ተብላ ተጠርታለች። ስብርባሪዋን እንግሊዞች በዝርዝር ለክተው ነድፈው አር 33 እና አር 34 የተባሉትን የራሳቸውን መርከቦች ሠሩበት፤ አር 34 በ1919 አትላንቲክን ደርሶ መልስ ተሻግራለች።

ጥቅምት 1 ቀን ሌሊት ተራው የማቲ ሆነ። ለንደንን እንደ እሱ የሚያውቅ የጀርመን አዛዥ አልነበረም፤ አሁን የሚያዘው ኤል 31ን ነው። ዉልስታን ቴምፐስት የተባለ ሌላ የ39ኛው ስኳድሮን አብራሪ ፖተርስ ባር ላይ አቃጠላት። በመርከቦቹ ላይ የሚሠሩት ሰዎች አስቀድመው የሚነጋገሩበት ጥያቄ ነበር፤ እሳት ቢነሣ ከመቃጠል ይዘላሉ ወይስ አይዘሉም? ማቲ ዘለለ። ሬሳው ማሳው ውስጥ አፈሩን ሰርጉዶ ተገኘ። ትቶት የሄደው ሚስትና ሕፃን ልጅ ነበር። የመርከቧ አስራ ዘጠኙም ሰዎች ከሽራም ሰዎች አጠገብ ተቀበሩ።

የጀርመን ምድር ጦር ከኤስ ኤል 11 በኋላ የአየር መርከብ ወደ እንግሊዝ አልላከም፤ በ1917 ክፍሉን ራሱን በተነ። የባሕር ኃይሉ ቀጠለ። ከመርከቦቹ አንዷ፣ ኤል 59፣ በኅዳር 1917 ምሥራቅ አፍሪካ ለሚዋጋው ለጄኔራል ፎን ሌቶ ፎርቤክ ጦር 15 ቶን ስንቅና መድኃኒት ጭና ከቡልጋሪያ ተነሥታ፣ ግብፅን አቋርጣ፣ ከካርቱም በስተምዕራብ ደርሳ ነበር። እዚያ በሬዲዮ ተመለሺ ተባለችና ተመለሰች፤ በ95 ሰዓት ውስጥ 6,700 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳለች። ሽትራሰር ራሱ ነሐሴ 5 ቀን 1918 በኤል 70 ውስጥ ተቃጥሎ ሞተ። በጦርነቱ የአየር መርከቦች ብሪታንያ ውስጥ የገደሏቸው ሰዎች 557 ናቸው።

መርከቡ ተሸነፈ፤ ከተማን ከሰማይ የመደብደብ ሐሳብ ግን አልተሸነፈም። ሰኔ 13 ቀን 1917 በቀን ብርሃን የመጡ ጎታ የተባሉ የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደን ላይ 162 ሰው ገደሉ፤ ከእነዚህ 18ቱ ፖፕላር ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የነበሩ ሕፃናት ናቸው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ ያሉባትን ደሴን ሲደበድቡ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሆስፒታል ሳይቀር ሲመቱ፣ የተከተሉት መንገድ በ1915 ለንደን ላይ የተጠረገው ነው። ስለዚህ አልክሃም መንገድ ላይ የወደቀውን ቦምብ ሳነብ የሌላ ሰው ታሪክ ሆኖ አይሰማኝም።

ሮቢንሰን ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ ሚያዝያ 5 ቀን 1917 በመጀመሪያው ውጊያው በጀርመናዊው አብራሪ በሪክትሆፈን ስኳድሮን ተመትቶ ወደቀና ተማረከ። ለማምለጥ ደጋግሞ ሞከረ። ሆልትስሚንደን በተባለው እስር ቤት አዛዡ ካርል ኒማየር ለይቶ አሠቃየው፤ ያችን መርከብ የጣለ እሱ መሆኑን ያውቅ ነበር። ጦርነቱ አልቆ በታኅሣሥ 1918 አገሩ ሲገባ አካሉ ተሰብሮ ነበር። ታኅሣሥ 31 ቀን ሞተ። የገደለው እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፣ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆተው ያው ወረርሽኝ ነው። 23 ዓመቱ ነበር። ሃሮ ዊልድ ተቀበረ።

በ1921 የዴይሊ ኤክስፕረስ ጋዜጣ አንባቢዎች ባዋጡት ገንዘብ ካፍሊ ውስጥ የመታሰቢያ ሐውልት ተተከለለት። ሰተንስ ፋርም ኋላ ሆርንቸርች የአየር ኃይል ጣቢያ ሆነ፤ ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ነው። የጀርመኖቹ አስከሬን በ1962 ከፖተርስ ባር ተነሥቶ በስታፈርድሺር ካኖክ ቼዝ ወዳለው የጀርመን ወታደሮች መቃብር ተዛወረ። የኤስ ኤል 11፣ የኤል 31፣ የኤል 32 እና ኤል 48 የተባለች የሌላ መርከብ ሠራተኞች እዚያ በአንድ ሥፍራ ተቀብረዋል።

ለንደን የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ካፍሊ ከከተማው በባቡር አጭር መንገድ ነው፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ አንድ ቅዳሜ ሂዱ። ካኖክ ቼዝ ራቅ ይላል፣ ከበርሚንግሃም በስተሰሜን ነው። ጊዜ ሲገኝ ወደዚያም እለፉ፤ የዚያን ሌሊት ታሪክ በሁለቱም ቦታ ተቀብሯል።